ሥራው ሳያልቅ ማረፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በሒሳብ ሥራ ላይ እውላለሁ። ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ። እሑድ ጠዋት በመዘምራን አገለግላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ምግብ እሠራለሁ፣ ልጆቹን ለትምህርት አዘጋጃለሁ፣ ማታ ደግሞ ኮምፒውተር ከፍቼ የተረፈኝን የቢሮ ሥራ እጨርሳለሁ። ባለቤቴ እሑድ ያርፋል። ሰንበትን እየሻርኩ ይሆን? ወይስ ይህ ትእዛዝ ለክርስቲያን ቀርቷል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቀረው «ባለቤቴ እሑድ ያርፋል» የሚለው ላይ ነው። እመለስበታለሁ።

ስለ ቀኑ ብዙ አልልም። ቅዳሜን የሚያከብሩ አሉ፣ የትንሣኤው ቀን ነው ብለው እሑድን የሚያከብሩ አሉ፣ ሁለቱንም የሚያከብሩ አሉ። ጳውሎስም ስለ ሰንበት ማንም እንዳይፈርድባቸው ለቆላስይስ ሰዎች ጽፎላቸዋል። አንቺን የቸገረሽ የቀን ምርጫ ሳይሆን የሚመረጥ ቀን ማጣት ነው።

«ሥራው ሲያልቅ አርፋለሁ» እንደምትዪ እገምታለሁ፤ ሁላችንም የምንለው ነው። ግን አዳምን ተመልከቺ። የተፈጠረው በስድስተኛው ቀን ነው፤ ከንጋቱ ጀምሮ ያየው የመጀመሪያ ቀን ሰባተኛው፣ የዕረፍቱ ቀን ሆነ። ገና ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው? ዕረፍት እንደ ደመወዝ ተሠርቶበት የሚከፈል ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ገነትን ይኮተኩት ነበር።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 34 ላይ ደግሞ በእርሻና በአጨዳ ወቅት ሳይቀር እረፍ ይላል። ዝናቡ ሊያመልጠው የደረሰ አራሽ አንድ ቀን መተው ምን ያህል ያስጨንቀዋል! ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ በ321 እ.ኤ.አ. ዳኞችና የከተማ ነዋሪዎች እሑድ እንዲያርፉ ሲያውጅ፣ ገበሬው ግን ወቅቱ እንዳያልፍበት እንዲሠራ ፈቅዶለታል። ለገበሬው አዝኖ ነው፤ አልፈርድበትም። ኦሪት ግን «አቁም» ያለችው በዚያው በጭንቁ ወቅት ነው። ያንቺ አጨዳ የወር መጨረሻ ሒሳብ መዝጊያ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 ወንድ ልጅን፣ ሴት ልጅን፣ ሎሌን፣ ገረድን፣ በሬንና አህያን እየጠራ ሁሉም ይረፉ ይላል፤ ምክንያቱንም ሲነግር «በግብፅ ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ» ይላል። በዝርዝሩ ሚስት አልተጠራችም። እኔ እንደሚገባኝ «አንተ» የተባለው ሁለቱንም ባልና ሚስት ይዞ ነው፤ አለዚያማ አህያው አርፎ እመቤቲቱ ስትባዝን ልትውል ነው። የአንዱ ዕረፍት በሌላው ጀርባ ላይ ከተጫነ፣ ያ ቤት ገና ከግብፅ አልወጣም።

መዘምራን መሆንሽን አትተዪ። ካህናት በሰንበት በመቅደስ ሲያገለግሉ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው ጌታ ተናግሯል። ሆኖም አገልግሎትም ድካም አለው፤ እኔ እሑድ ስለማስተምር ዕረፍቴ ሰኞ ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። መዝሙረ ዳዊት ይዤ ተቀምጬ ሳለ እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ባዶ ኪሴ ሄደ። አፈርኩ። ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሆነ ያን ዕለት አየሁ።

ልጅ ቢታመም ወይም ጎረቤት ቢቸገር ተነሺ፤ ያ ሰንበትን መሻር አይደለም። ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ሲወስዳቸው፣ ሕዝቡ ቀድሞ ቢደርስ አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። የቢሮው ሒሳብ ግን የታመመ ልጅ አይደለም።

መና በስድስተኛው ቀን እጥፍ ይሰበሰብ ነበር፤ ሰንበት ከዋዜማው ይዘጋጃል። ስለዚህ ለጊዜው ከእሑድ ቀትር እስከ ማታ ያለውን ብቻ ያዢ። ምግቡ ቅዳሜ ይሠራ፣ ኮምፒውተሩ ይዘጋ። የልጆቹን ቦርሳና የቅዳሜውን እጥበት ማን እንደሚወስድ ደግሞ ይህን መልስ አብራችሁ አንብባችሁ ዓርብ ማታ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩ።