የቴሌስኮፕ ፊልተር ምን ይጨምራል፣ ምንስ ያስቀራል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ አልፎ ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ቴሌስኮፕ ያላቸው የሐዋሳ አንባቢያን ጥያቄም አብሮ ይመጣል። በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ውስጥ የሚበዙት ስለ ፊልተር፣ ማለትም አይፒስ በምንለው ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ ግርጌ ስለሚጠመዘዘው መስታወት የቀረቡ ናቸው። ፊልተር ብርሃን አይጨምርም፤ ከመጣው ብርሃን ላይ ቀንሶ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ፊልተር ስጠየቅ መልሼ የምጠይቀው «የትኛውን ብርሃን ነው የሚያስቀረው? የሚተርፈውስ ለማየት ይበቃል ወይ?» የሚለውን ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው ግን ለነገ የማይባለውን ነው።

«ለ12 ዓመት ልጄ አጎቱ አነስተኛ ቴሌስኮፕ አመጣለት። በሳጥኑ ውስጥ ‹ሰን› ተብሎ የተጻፈበት ጥቁር ፊልተር አለ። ልጁ በእሱ ፀሐይን ልይ እያለ ያስቸግረኛል። ልፍቀድለት?» (አንዲት እናት፣ ከመነኻሪያ ክፍለ ከተማ)

በፍጹም አይፍቀዱለት። ፊልተሩንም ዛሬውኑ ከሳጥኑ አውጥተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይስበሩትና ይጣሉት፤ ለሌላ ልጅ እንኳ አይስጡት። ይህ ዓይነቱ ፊልተር የሚጠመዘዘው አይፒሱ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ቴሌስኮፑ የሰበሰበው የፀሐይ ብርሃንና ሙቀት በሙሉ ወደ አንድ ነጥብ የሚጠጋበት ቦታ ነው። መስታወቱ በሙቀቱ ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በተሰነጠቀባት ቅጽበት ያ ሁሉ ብርሃን የልጁ ዓይን ውስጥ ይገባል። በዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን የሕመም ስሜት ስለሌለው፣ ልጁ ዓይኑ እየተቃጠለ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማየት የሚቻለው ብርሃኑ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት፣ ከፊት ለፊት በኩል አፉን በሙሉ በሚሸፍንና ከ100,000 እጅ አንዱን ያህል ብቻ በሚያሳልፍ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ፊልተር ነው። አቅጣጫ መፈለጊያዋ ትንሿ ቱቦም ክዳኗ እንደተከደነ መቆየት አለበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በታየችበት ዕለት ብዙ ሰው በጥላሸት በጠቆረ መስታወትና በራጅ ፊልም ለማየት ሲሞክር ተመልክቼ በጣም አዝኛለሁ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ በአገራችን በከፊል የሚታይ ሌላ ግርዶሽ አለና፣ ከወዲሁ ለልጅዎ ያለ ቴሌስኮፕ ግርዶሽ ለማየት የተሠራውን ትክክለኛ መነጽር ቢያዘጋጁለት ደስ ይለኛል።

«በታቦር ክፍለ ከተማ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የክበባችን ቴሌስኮፕ አፉ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ ፊልተሮች አሉት። ማርስን በቀዩ ስናያት ጨልማ ልትጠፋ ትደርሳለች። ጥፋቱ የእኛ ነው?»

የእናንተ አይደለም። በፊልተሩ ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ምናልባት 25 የሚል ያገኙ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች የራተን ቁጥሮች ይባላሉ፤ ስማቸውን ያገኙት ፍሬድሪክ ራተን ከተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ የእሱን ድርጅት ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1912 ገዝቶታል። ለፎቶግራፍ የተዘጋጁ ቁጥሮች ስለነበሩ የቴሌስኮፕን ስፋት ግምት ውስጥ አላስገቡም። 25 ቁጥር ቀይ ከሚደርሰው ብርሃን የሚያሳልፈው 14 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ይህም ማለት የእናንተ 70 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ በብርሃን ረገድ 26 ሚሊ ሜትር ወደሆነ ቱቦ ይወርዳል ማለት ነው። ስሌቱን ለተማሪዎችዎ ቢሰጧቸው ጥሩ የክፍል ሥራ ይወጣዋል፦ 70ን በ0.14 ካሬ ሥር ማባዛት ብቻ ነው።

ቀይ ፊልተር ለማርስ የሚመከርበት ምክንያት ትክክል ነው። ብርቱካንማው በረሃ በቀይ ብርሃን ይደምቃል፤ ጠቆር ያሉት አካባቢዎች ግን እንደጠቆሩ ስለሚቀሩ ልዩነቱ ይጎላል። ነገር ግን ይህ ለማባከን የሚተርፍ ብርሃን ላለው ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚሆን ነገር ነው። ለእናንተ 46 በመቶ ያህል የሚያሳልፈው 21 ቁጥር ብርቱካንማ ይሻላል። ለመሞከሪያም የካቲት 2019 ዓ.ም.ን ይጠብቁ፤ ያን ጊዜ ምድር በፀሐይና በማርስ መካከል ስለምታልፍ ማርስ በዚያ ዙር ከሌላው ጊዜ ሁሉ ሰፍታ ትታያለች። ቢጫውን ግን እስከዚያ ድረስ በጨረቃና በሳተርን ላይ ይጠቀሙበት።

«ጁፒተርን በ130 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕና በሰማያዊው 80ኤ ፊልተር ሳየው ቀበቶዎቹ የጎሉ ይመስለኛል። ገንዘብ ስላወጣሁበት ብቻ እንዲመስለኝ እንዳልሆነ በምን አረጋግጣለሁ?» (አንድ የባንክ ሠራተኛ)

ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን እጅግ ወድጄዋለሁ፤ ፊልተርን መፈተን ማለት ይኸው ነውና።

በመጀመሪያ፣ የጠበቁት ነገር ምክንያት አለው። የጁፒተር ቀበቶዎችና ታላቁ ቀይ ነጥብ ቡናማና ቀላ ያሉ ስለሆኑ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጡታል፤ በመካከላቸው ያሉት ነጫጭ መስመሮች ግን መልሰው ይልኩታል። ስለዚህ በሰማያዊ መስታወት ሲታዩ ቀበቶዎቹ መጥቆር አለባቸው። በሌላ በኩል 80ኤ ከብርሃኑ 30 በመቶ ያህሉን ብቻ ያሳልፋል። ትርፉ ከኪሳራው ይበልጥ እንደሆነ የሚለየው በሙከራ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራበት ዘዴ የሚከተለው ነው። ቴሌስኮፑን አየሩ እንዲያቀዘቅዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ አቆየዋለሁ። ከዚያም ጁፒተር ከፍ ብሎ ሳለ ያለ ፊልተር 15 ደቂቃ አይቼ ያየሁትን በእርሳስ እስላለሁ፤ ፊልተሩን አጥብቄ የትኩረቱን መዘውር እንደገና አስተካክላለሁ፤ 15 ደቂቃ አይቼ በሌላ ወረቀት ላይ እስላለሁ፤ በመጨረሻም ፊልተሩን አውጥቼ ሦስተኛ ጊዜ እስላለሁ። ሦስተኛው ሥዕል ወሳኝ ነው። በሁለተኛው ላይ የታየው ዝርዝር በሦስተኛውም ላይ ካለ፣ ያሳየኝ ፊልተሩ ሳይሆን የዓይኔ መለማመድ ወይም የአየሩ መርጋት ነበር ማለት ነው። በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ በፊልተሩ እጀምራለሁ። ከሦስት ምሽት ያነሰ ሙከራ እኔ አላምንም። በዚህ መንገድ ስፈትን በእኔ 130 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ያሸነፈው 80ኤ ሳይሆን 73 በመቶ ያህል የሚያሳልፈው ፈዛዛ ሰማያዊ 82ኤ ነው፤ 80ኤ ቀበቶውን አጠቆረልኝ፣ ነገር ግን በጠርዙ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ጥርሶች ሰወረብኝ።

የመስታወቱንም ጥራት መፈተን ይገባል። ከዓመታት በፊት የገዛሁት አንድ ፊልተር በከፍተኛ ማጉላት እያንዳንዱን ኮከብ መንታ ያደርግብኝ ነበር፤ ሁለቱ ፊቶቹ እኩል ያልተሞረዱ መሆናቸውን የተረዳሁት ብዙ ምሽት ካባከንኩ በኋላ ነው። ደማቅ ኮከብ በከፍተኛ ማጉላት ይዩ፤ ያለ ፊልተር አንድ ሆኖ በፊልተር ሁለት ከሆነ ወይም ጭራ ካወጣ መስታወቱን ይመልሱ።

የምንኖርበት ቦታ የሰጠንን ጸጋም ልጠቁም። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ፕላኔቶች ሁሉ ከፍተኛው ቦታቸው ላይ ሲደርሱ ከአድማስ ቢያንስ 58 ዲግሪ ያህል ይወጣሉ። ለሰሜን አውሮፓ የተጻፉ ምክሮች ፊልተርን የሚያበዙት በከፊል ፕላኔቶች እዚያ ወደ አድማስ ዝቅ ብለው፣ ወፍራም አየር ቀለማቸውን እየበተነው ስለሚታዩ ነው። እኛ ይህ ችግር ብዙም የለብንም።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ በጋራ ገዝተናል። ለኔቡላ ዩኤችሲ ወይስ ኦ-ሦስት? ሁለቱን ለመግዛት አቅም የለንም።»

ዩኤችሲ ግዙ። ሁለቱም ኔቡላን፣ ማለትም በከዋክብት መካከል ያለውን የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ለማየት የሚያገለግሉ ፊልተሮች ናቸው። ምክንያቱን ግን በዝርዝር ላስረዳህ፤ ታሪኩም ደስ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1864 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ በድራኮ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ያለውን ኔቡላ በብርሃን መተንተኛ ሲመለከት፣ እንደ ኮከብ ቀስተ ደመና የሚመስል ተከታታይ ቀለም ሳይሆን ጥቂት አረንጓዴ መስመሮችን ብቻ አገኘ። ደማቆቹ መስመሮች ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋር ስላልተስማሙ «ኔቡሊየም» የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር እስከ መገመት ተደረሰ። አሜሪካዊው አይራ ቦውን እ.ኤ.አ. በ1927 ምሥጢሩን ፈታው፦ ብርሃኑ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በ495.9 እና በ500.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት (የብርሃንን ቀለም በሚለየው ልኬት) የሚያወጣው ነበር። ኦ-ሦስት የተባለው ፊልተር እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ ያሳልፋል፤ ዩኤችሲ ደግሞ 486.1 ናኖሜትር ላይ ያለውን የሃይድሮጅን መስመር ይጨምርበታል። ጨለማ የለመደ ዓይን ይበልጥ የሚነቃው በ507 ናኖሜትር አካባቢ ላለው ብርሃን መሆኑ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው።

ባለፈው ጥር ከሐይቅ ዳር አንድ ጣሪያ ላይ ሆኜ፣ ከአናታችን በላይ ለመድረስ ጥቂት የቀረውን የኦሪዮን ኔቡላ በ26 ጊዜ ማጉላት እያየሁ፣ ዩኤችሲውን ሳላጠብቀው በሁለት ጣቴ ይዤ በዓይኔና በአይፒሱ መካከል አስገባው አወጣው ነበር። ሲወጣ የሚታየኝ እንደ እፍኝ ጉም ያለ ፈዛዛ ነገር ነው። ሲገባ ከበስተጀርባው ያለው ግራጫ ሰማይ ጠቆረ፤ ከመካከሉ ወደ ሁለት ወገን የሚዘረጉት ክንፎች ረዘሙ፤ ትራፔዚየም የሚባሉት አራቱ ከዋክብት ግን ፈዘው ወደ አረንጓዴ ዞሩ። ይህ በጣት የማስገባትና የማውጣት ዘዴ ለኔቡላ ከሁሉ የተሻለ ፈተና ነው፤ ዓይን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ያነጻጽራልና። ኦ-ሦስት ሰማዩን የበለጠ ያጠቁራል፤ ለፕላኔታዊ ኔቡላዎች (የሚሞቱ ከዋክብት ለሚተፉት የጋዝ ቅርፊት) እና ለቬይል ኔቡላ አቻ የለውም፤ በኦሪዮን ላይ ግን የሃይድሮጅኑን ብርሃን ስለሚያስቀር የውጪውን ጫፍ ይቆርጠዋል።

አይፒሳችሁ 25 ሚሊ ሜትር፣ የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ዘንግ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ለፊልተሩ የሚስማማውም ይኸው ነው። በ10 ሚሊ ሜትሩ አይፒስ ዘንጉ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ ሥዕሉ ይጨልማል። ከመብራት ርቃችሁ 30 ደቂቃ በጨለማ ቆዩ፤ ስልክ አትክፈቱ። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርስ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞራችሁ የካሪና ኔቡላን ፈልጉ፤ ከአድማስ እስከ 23 ዲግሪ ይወጣል፤ በአውሮፓ ያሉ ባልደረቦቻችን ከአገራቸው ሆነው ጨርሶ አያዩትም።

«ኔቡላ ፊልተር ገዝቼ አንድሮሜዳ ጋላክሲንና ፕላያዲስን ባይ ጭራሽ ደበዘዙብኝ። ተበላሽቶ ይሆን?»

አልተበላሸም። ጋላክሲ የከዋክብት ስብስብ ነው፤ ፕላያዲስ በተባሉት ከዋክብት ዙሪያ ያለው ጉምም የከዋክብቱን ብርሃን ያንጸባርቃል እንጂ የራሱን አያወጣም። የከዋክብት ብርሃን በሁሉም ቀለም ላይ የተዘረጋ ስለሆነ ፊልተሩ አብዛኛውን ይጥለዋል። ለእነዚህ የሚበጀው ጨለማ ቦታ ብቻ ነው።

«የመንገድ መብራቶች ወደ ነጭ ኤልኢዲ ከተቀየሩ ወዲህ ‹የከተማ ብርሃን መከላከያ› የተባለው ፊልተሬ ምንም አልረዳኝም።»

ልክ ነዎት። ያ ፊልተር የተሠራው በ589 ናኖሜትር አካባቢ የሚያበራውን የድሮውን ቢጫ የሶዲየም መብራት ለማስቀረት ነው። ነጭ ኤልኢዲ ግን ከሰማያዊ እስከ ቀይ ሁሉንም ስለሚረጭ የሚቆረጥ መስመር የለውም። ጠባቡ ዩኤችሲ አሁንም ይሠራል።

«ከሐይቁ አጠገብ ነው የምኖረው። በፊልተሬ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ታየ።»

ሻጋታ ነው፤ ከእርጥበት የመጣ። በሸሚዝ ጫፍ ወይም በትንፋሽ አይወልውሉት፤ ልባጡ ይጫራል። በመጀመሪያ አቧራውን በላስቲክ መንፊያ ያራግፉ፤ ከዚያ ንጹሕ ጥጥ በንጹሕ አልኮል በትንሹ አርሰው፣ ሳይጫኑ ከመሐል ወደ ዳር ያስኪዱ፤ ጥጡን በየጊዜው ይለውጡ። ፈትል የመሰለው ምልክት ከዚህ በኋላም ካልለቀቀ ልባጡን በልቶታል፤ ከሌሎቹ ፊልተሮች ለይተው ያስቀምጡት። ማታ ተጠቅመው ሲገቡ ጤዛው ሳይደርቅ ክዳኑን አይክደኑ። ሲደርቅ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ውስጥ ከምናገኛት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ያስቀምጡት፤ ከረጢቷንም ክረምት ከመግባቱ በፊት በሌላ ይተኩ።