ዛንዚባር፦ አራት ቦታ በአንድ ቀን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴና ከእናቴ ጋር ለአምስት ቀን ዛንዚባር እንሄዳለን። አንዱን ቀን ከአስጎብኚ ጋር መዞር ፈልገን ነበር። የተላከልን ፕሮግራም ስቶን ታውን የሚባለውን አሮጌ ከተማ፣ የቅመም እርሻን፣ የእስር ቤት ደሴት የሚሉትንና የጆዛኒን ጫካ ሁሉንም በአንድ ቀን ያሳያል። ዋጋውም ጥሩ ነው። እናቴ ግን ጉልበቷን ያማታል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ አየን ለማለት ያህል ከሆነ። ጆዛኒ ከስቶን ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቅመም እርሻዎቹ አብዛኞቹ በሌላ አቅጣጫ ናቸው። የእስር ቤት ደሴት፣ በትክክለኛ ስሙ ቻንጉ፣ ባሕር ላይ ነው፤ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ቀኑ የሚያልቀው መኪና ውስጥ ነው። እኔ ብሆን ሁለቱን እመርጣለሁ፦ ጠዋት የቅመም እርሻ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል ስቶን ታውን።

የቅመም እርሻውን ለእናትሽ ስል ነው ያስቀደምኩት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ አስጎብኚው በየዛፉ ሥር ስለሚቆም እሷም ታርፋለች። ደግሞ ዕድሜ ልኳን በእጇ ያለፈውን ቅመም ዛፉ ላይ ስታየው ፊቷን ተመልከቺ። ቅርንፉድ እንቡጥ ነው፤ አበባው ሳይፈነዳ ይለቀምና ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ነው ያንን ቡናማ መልክ የሚይዘው። የገውዝ ፍሬ ሲሰነጠቅ ደግሞ ውስጡ ጥቁር ቡናማ ዘር አለ፤ ዘሩ ላይ ደማቅ ቀይ ዳንቴል የመሰለ ነገር ተጠምጥሞበታል። እኔ ቀለም የቀቡት መስሎኝ በጥፍሬ ቧጨርኩት። አልለቀቀም። በመጨረሻ አንድ ልጅ እየዘፈነ ኮኮናት ላይ ይወጣና ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ባርኔጣ ጭንቅላታችሁ ላይ ያስቀምጣል። ለቱሪስት የተዘጋጀ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ባርኔጣውን ግን ቀኑን ሙሉ ሳላወልቀው ዋልኩ። ለልጁ የሚሰጥ ዝርዝር ገንዘብ ያዙ።

ስቶን ታውን መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው በእግር ነው። እናትሽን ግን አያስጨንቃትም፤ ከየቤቱ ግድግዳ ጋር የተሠራ ባራዛ የሚሉት የድንጋይ መደብ አለ፣ በደከማት ቁጥር ቁጭ ትላለች። ከተማው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ከሁሉም ግን የአንግሊካን ካቴድራሉን እንዳታልፉት። የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ነው፤ ገበያው በ1873 ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በዚያው ዓመት መሠራት ጀመረ። ግቢው ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ የድንጋይ ሰዎች አንገታቸው በሰንሰለት ተያይዞ ቆመዋል። ሐውልቱ የ1998 ሥራ ነው፣ ሰንሰለቱ ግን የዚያን ዘመን እውነተኛ ሰንሰለት ነው። አስጎብኚያችን እዚህ ጋ ሲደርስ ወሬውን አቆመ። ጥሩ አስጎብኚ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። ከምድር በታች ወዳሉት ክፍሎች መውረድ ግን ለጉልበት አይመችም፤ ጣሪያቸውም ዝቅተኛ ነው። እናትሽ ላይ ትጠብቃችሁ።

ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ያስፈልጋል። የባሕር ዳር ልብስ ለባሕር ዳር።

ቻንጉን ለሌላ ቀን አቆዩት፣ እናንተ ሁለታችሁ ሂዱ። ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ለእናትሽ ከባድ ይሆንባታል። ስሙ ደግሞ ያሳስታል፤ እስር ቤቱ በ1890ዎቹ ቢሠራም እስረኛ አልገባበትም፣ የተላላፊ በሽታ ማቆያ ሆኖ ቀረ። ሰው የሚሄደው ለግዙፎቹ ኤሊዎች ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፣ አንዳንዱ ከመቶ በላይ ነው። አንገታቸውን ስታሻሹላቸው ዘርግተው ዝም ይላሉ።

ጥያቄ፦ ናኩፔንዳ የምትባለውን የአሸዋ ደሴት ፎቶ አይቼ አብጃለሁ። በስንት ሰዓት ብሄድ ይሻላል?

መልስ፦ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ናኩፔንዳ በስዋሂሊ «እወድሃለሁ» ማለት ነው፤ ውሃው ሲሞላ ግን ፍቅሩ ያልቃል፣ አሸዋው ይሰምጣል። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ስለዚህ ትናንት የሄደ ሰው የነገረህ ሰዓት ለነገ ወዲያ አይሠራም። ከመክፈልህ በፊት አስጎብኚውን «በዚያ ቀን ውሃው የሚሸሸው በስንት ሰዓት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ሳያመነታ ከመለሰልህ ሰውየውን ያዘው። «ችግር የለም» ብቻ ካለህ ሌላ ፈልግ። እኔ ሳልጠይቅ ሄጄ የደረስኩት ውሃው እየሞላ ሳለ ነው፤ አናናሴን የበላሁት እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነበር።

ሌላው ጉድ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ልክ እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ ሳአ ታቱ ማለት የኛው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጁ ይቆጥራሉ። እኔ ለጀልባው ሰውዬ በእንግሊዝኛ «ስሪ» ብዬው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዳር ላይ ተገተርኩ። እሱ እንደተባባልነው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳአ ታቱ ብለው ኖሮ አንግባባም ነበር? ጠዋትና ከሰዓት የሚለውን ሳትጨምር ቀጠሮ አትያዝ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጉዞዬ አስጎብኚው ግማሹን ቀን ሱቅ ለሱቅ አዞረኝ። እንዴት ነው የምከላከለው?

መልስ፦ ከሱቁ ኮሚሽን ስላለው ነው። አንዳንዱ ኑሮው በዚያ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ጠዋት ገና ሳትነሱ «ሱቅ አንገባም፣ ለሥራህ ቲፕ እንሰጥሃለን» በሉት። ካኮረፈ በጊዜ አወቃችሁት ማለት ነው። መንገድ ላይ «ወንድሜ፣ እኔ ላሳይህ» እያሉ ከሚከተሉት ጋር ደግሞ ዋጋ መነጋገር አትጀምሩ። የሀገሩ ሰው ራሱ ፓፓሲ ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያ ስለሚይዝ አሳየኝ ማለት ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ጆዛኒ ያሉትን ጦጣዎች ሙዝ መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ መንካትም አይቻልም። ቀይ ጉሬዛዎች ናቸው፤ የሚገኙት ዛንዚባር ብቻ ነው። ሰው ስለለመዱ ራሳቸው ሊጠጓችሁ ይችላሉ፣ ያኔ ወደ ኋላ ማለት የናንተ ፋንታ ነው። ሆዳቸው የተሠራው ለቅጠል ነው። ከቅጠሎቹ አንዳንዶቹ የሚጎዳ ነገር ስላላቸው፣ ሰው ምግብ ካበሰለበት ቦታ ከሰል እየለቀሙ ይበላሉ፤ መርዙን ይይዝላቸዋል። ታዲያ ይህን አንብባችሁ ደግሞ ከሰል ይዛችሁ እንዳትሄዱ።