የኮስሞሎጂ መጽሐፍ ልትገዛ ከሆነ መጀመሪያ ዓመቱን እይ

«ፊዚክስ ከተማርኩ ዘመን የለውም፣ ስለ ዩኒቨርስ አጀማመር ማንበብ ግን እፈልጋለሁ፣ የሆኪንግን ልግዛ ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ አሁን አትግዛ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንተም እንደኔ ከሥራ በኋላ ደክሞህ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ የምታነብ ነህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።

1. ሆኪንግ፣ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ። «ኤ ብሪፍ ሂስትሪ ኦፍ ታይም» የወጣው በ1988 ነው። ውስጡ ያለችው ቀመር አንዲት ብቻ ናት፣ ያቺው የአንስታይን። ሰው ይሄን ሲሰማ ቀላል ይመስለዋል። አይደለም! ቀመር ባይኖርም ሐሳቡ ያው ከባድ ነው። አጀማመሩ ሸጋ ነው፣ ወደኋላ ስለ ምናባዊ ጊዜ ማውራት ሲጀምር ግን ጭራሽ ሌላ ዓለም ውስጥ ይከትሃል። ጨረስኩት ያለህን ሰው እስቲ እሱን ጠይቀው፣ ወሬ ሲቀይር ታየዋለህ። የግድ ሆኪንግ ካልክ በ2005 ከምሎዲኖው ጋር ሆኖ አሳጥሮና አቅልሎ ያወጣውን «ኤ ብሪፈር ሂስትሪ ኦፍ ታይም» ያዝ።

2. የታተመበትን ሳይሆን የተጻፈበትን ዓመት እይ። ይቺን በደንብ ስማኝ፣ እኔ ገንዘቤን የበላኝ እዚህ ላይ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መጽሐፍ ሻጭ የስቲቨን ዋይንበርግን «ዘ ፈርስት ስሪ ሚኒትስ» አወጣልኝ። «አዲስ የገባ ነው፣ የኖቤል ተሸላሚ ነው የጻፈው» አለኝ። ኖቤሉስ እውነት ነው፣ 1979 ላይ ተሸልሟል። መጽሐፉ ግን የ1977 ነው። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ አዲስ፣ ውስጡ ደግሞ ፎቶ ኮፒ። ዓመቱ ያለበትን ገጽ ጭራሽ ኮፒ አላደረጉትም። ፎቶ ያለባቸው ገጾች ደግሞ ጥቁር ቀለም የተደፋባቸው ነው የሚመስሉት፣ ጋላክሲው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልገህ አታገኘውም።

እኔ ምን አውቄ፣ አምኜ አነበብኩት። ከዚያ ዘመድ ቤት ቡና ላይ «የዩኒቨርስ መስፋፋት እየዘገየ ነው፣ ስበት እየጎተተው ነው» ብዬ አስረዳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማር የባለቤቴ እህት ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በ1998 ተገልብጧል» አለችኝ ሰው ሁሉ ፊት። እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ቡድኖች ሩቅ ያሉ የሚፈነዱ ኮከቦችን ለክተው መስፋፋቱ ጭራሽ እየፈጠነ እንደሆነ አገኙ። ዳርክ ኢነርጂ የሚባለው፣ መስፋፋቱን ያፈጥናል የሚሉት ምንነቱ ያልታወቀ ነገር፣ የመጣው ከዚያ ነው፣ በ2011 ኖቤል ተሸለሙበት። የ1977 መጽሐፍ ይሄን ከየት ያምጣው?

ለሻጩ ሄጄ ብነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መጽሐፍ ዳቦ ነው እንዴ የሚሻግተው?» መመለስም መቀየርም የለም። ከጎኑ ያሉት ሳቁ። እስካሁን ያናድደኛል። ለዋይንበርግ ፍትሐዊ ልሁንና፣ ሂሊየም የሚባለው ጋዝ በዩኒቨርሱ የመጀመሪያ ደቂቃዎች እንዴት እንደተሠራ የሚተርከው ዛሬም ያስኬዳል። ግን እንደ ታሪክ ነው የሚነበበው፣ ለጀማሪ አይደለም።

3. ለመጀመሪያ መጽሐፍ ታሪክ የሚተርክ ምረጥ። የሳይመን ሲንግ «ቢግ ባንግ» (2004) እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። ማን ምን አሰበ፣ ከማን ጋር ተጣላ፣ በምን አረጋገጠ እያለ ይወስድሃል። ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉት ሁለቱ አሜሪካውያን በ1964 ከአንቴናቸው የማይጠፋ ጩኸት ይሰማሉ። አንቴናው ውስጥ እርግብ ጎጆ ሠርታለች። ኩሱን ጠርገው አጸዱ፣ ጩኸቱ ግን አልጠፋም። ለካ ከቢግ ባንግ፣ ማለትም ከዩኒቨርሱ አጀማመር፣ የተረፈው ጨረር ነው! ይሄን ለልጄ ስነግረው እንቅልፉን ትቶ ነው የሰማኝ። የባለቤቴ እህት ልጅ ራሷ አሁን መጽሐፍ የምትዋሰው ከኔ ነው፣ ይመዝገብልኝ።

4 ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ቁጥሩ ይቅርና እንዲሁ ላውራህ። የሚጽፉት ሰዎች ራሳቸው ጎራ አላቸው። ብራያን ግሪን «ዘ ኤለጋንት ዩኒቨርስ»ን (1999) ሲጽፍ የስትሪንግ ቲዎሪ ሰው ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር የተሠራው ከሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ነው ከሚሉት ወገን፣ ሲያስረዳ አንጀት ያርሳል፣ ያለቀለት ነገር ይመስልሃል። ግን በሙከራ እስካሁን አልተረጋገጠም። ሂግስ የሚባለው ቅንጣት በ2012 ጄኔቫ ተገኘ፣ የስትሪንግ ሰዎች አብረው ይመጣሉ ብለው ተስፋ ያደረጓቸው ሌሎቹ ቅንጣቶች ግን የውሃ ሽታ ሆነው ቀርተዋል። ካርሎ ሮቬሊ ደግሞ ከስትሪንግ ጋር የሚፎካከረው የሌላው ሐሳብ ጎራ ነው። የሱ «ሰቨን ብሪፍ ሌሰንስ ኦን ፊዚክስ» መጀመሪያ በጣልያን ጋዜጣ የወጣ ጽሑፍ ስለሆነ መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም፣ ለታክሲ ሰልፍ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ሁለቱንም አንብብ፣ አንዱን ብቻ አንብበህ ግን ሰው ጋር እንዳትከራከር።

ሽፋኑ ላይ «ኳንተም» እና «ፈውስ» ወይም «ሀብት» አንድ ላይ ካየህ መልሰህ አስቀምጠው። ፊዚክስ አይደለም፣ የሰው ኪስ ነው የሚፈልገው።

ቤተ መጻሕፍት ልሞክር ካልክ ሞክር፣ ግን ተዘጋጅ። አንዱ ጋ ዴስኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ቀና ሳትል «የየትኛው ክፍል ተማሪ ነህ?» አለችኝ። ሽበቴን እያየች! ተማሪ አይደለሁም ስላት «ታዲያ ለምንህ ነው?» አራት ኪሎ አብርሆት ቁጭ ብለህ ብታነብ ይሻልሃል።

ግዢ ስትሄድ ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ አታንብብ፣ እሱማ ሁሌም ጥሩ ነው። መሃሉን ገልጠህ እዚያው ቆመህ አንድ ገጽ አንብብ። ከገባህ ያንተ ነው። ሻጩ ሲያጉረመርም ዝም በለው፣ ሥዕሎቹንም ብርሃን ላይ አውጥተህ እያቸው። ፎቶ ኮፒ ከሆነ ግማሽ ዋጋውን ጥራለት፣ እምቢ ካለ ጥለኸው ሂድ፣ አምስት እርምጃ ሳትሄድ ይጠራሃል።