የፍራፍሬ ኩኪስ ከነአይሲንጉ፦ ጎንደር ላይ ለምትጋግሩ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ያንን የሙዝ ኩኪስ ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል፣ ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ ሁሉም እዚህ ይጠይቅና ሌላውም ያንብበው ብዬ ነው። ሼፍ ምናምን አይደለሁም፣ አዘዞ ቤቴ ውስጥ ለልደትና ለቡና የምጋግር ሰው ነኝ፣ ግን ያበላሸሁት ሊጥ ብዛቱ አይነገርም።

ጥ፦ እህቴ መጀመሪያ ልኩን ንገሪን፣ ግን በግራም አይሁን ሚዛን የለኝም

መ፦ እሺ፣ አንድ ኩባያ ያዢና ሁሉንም በሱው ለኪ። ፊኖ ዱቄት 2 ኩባያ፣ ስኳር ከግማሽ ኩባያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ግማሽ ኩባያ፣ 1 እንቁላል፣ የተፈጨ ሙዝ ግማሽ ኩባያ (ልጣጩ የጠቋቆረው ነው የሚጣፍጠው፣ ቅዳሜ ገበያ ወደ ማታ ስትሄጂ በርካሽ ይሰጡሻል)፣ ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ፣ ጨው ቆንጠር፣ የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ተፈግፍጎ። ቅቤና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቺው፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በመጨረሻ ዱቄቱን ከነፓውደሩ ነፍተሽ ጨምሪና ዱቄቱ መታየቱን ሲያቆም አንቺም አቁሚ። እንደ ዳቦ ሊጥ ካቦካሽው ይጠነክራል፣ ኩኪስ መሆኑ ቀርቶ ድንጋይ ነው። በማንኪያ እያነሳሽ ሁለት ሁለት ጣት አራርቀሽ ትሪ ላይ፣ 190 ዲግሪ፣ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ።

ጥ፦ እኔ ዩቲዩብ ላይ እንዳለው አንድም ሳላጎድል ሠርቼ መጀመሪያ ተነፋ ተነፋ ከዛ ሙሽሽ ብሎ ትሪው ላይ ተኛ፣ ፓውደሩ የተበላሸ ይሆን?

መ፦ ፓውደርሽን ለማወቅ ግማሽ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ላይ ጣይበት፣ ወዲያው አረፋ ካወጣ ደህና ነው። ግን እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። አብዛኛው ሪሲፒ ባሕር ዳር ላለ ሰው የተጻፈ ነው፣ ባሕር ዳር ስል ጎረቤታችንን አይደለም እሷም ከፍታ ላይ ናት፣ የባሕር ወለል ማለቴ ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ በጣም ይለጠጣል፣ ሊጡ ሳይጸና ይነፋና ይወድቃል። ውሃም እኛ ጋ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፣ ስኳሩ ተከማችቶ ይቀራል፣ ስኳር የበዛበት ሊጥ ደግሞ ይዘረጋል። ስለዚህ የውጭ ሪሲፒ ስታገኚ ከፓውደሩ ሩብ ያህሉን ቀንሺ፣ ከአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ አንሺ፣ ኦቨኑን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ አድርጊው። ሊጡ ከደረቀብሽ አንድ ማንኪያ ወተት። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ኦቨኔን ስሰድብ ነበር፣ ምስኪን።

ጥ፦ በሙዝ ፈንታ ማንጎ ይሆናል? ፓፓያስ? ዘይቱን (ጉዋቫ)?

መ፦ ይሆናል ግን እንዳለ አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሙዝ ወፍራም ነው፣ ማንጎና ፓፓያ ግን ውሃቸው ብዙ ነው፣ ጁስ አድርጋችሁ ሊጥ ውስጥ ካፈሰሳችሁት ዱቄት ትጨምራላችሁ፣ ዱቄቱ ሲበዛ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ከዛ ስኳር ትጨምራላችሁ፣ ማለቂያ የለውም። ፈጭታችሁ በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ አብስሉት፣ ማንኪያው ሲያልፍ የድስቱ ቂጥ ለአፍታ እስኪታይ። ሁለት ኩባያው አንድ ኩባያ ገደማ ሲቀር በቃ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ትኩሱን ከጨመራችሁት ቅቤው ይቀልጣል። ዘይቱን ሽታው ልዩ ነው ግን ፍሬዋ ጥርስ ትሰብራለች፣ ቀቅላችሁ በወንፊት አሳልፉት። ፖም ከሆነ ፈግፍጎ መጭመቅ። ዘቢብ ደግሞ ትኩስ ሻይ ውስጥ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፉና ጠፈፍ አድርጉት፣ ደረቁን ከከተታችሁ ከሊጡ ላይ ውሃ ይጠጣል። የብርቱካን ጭማቂ ሊጥ ውስጥ አልወድም፣ ልጣጩ ሊጥ ጭማቂው አይሲንግ (ኩኪሱ ላይ የሚቀባው ስኳር) ውስጥ፣ አለቀ።

ጥ፦ የሀገር ቅቤ አይሻልም? ንጹህ ነው እኮ

መ፦ ጋሼ እኔም እንደዛው ብዬ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ የተነጠረ ቅቤ ከኮሰረቱ ከኮረሪማው ጋር አደረግሁበት፣ እንግዶቹ ገና በር ላይ «ዶሮ ወጥ ሠርተሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። ለጋ ያልተነጠረ ካገኙ ይሞክሩት፣ አለዚያ ሽታ የሌለው ዘይት አንድ ሦስተኛ ኩባያ ከቅቤው ይተካል፣ እንደውም በማግስቱ ለስላሳ የሚሆነው የዘይቱ ነው።

ጥ፦ ለጾም እንዴት ላርገው፣ ሁዳዴ ሙሉ ልጆቹ ምን ይብሉ

መ፦ እንቁላሉን አውጪና ሙዙን ሩብ ኩባያ ጨምሪ፣ ቅቤውን በዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ። ትንሽ ጠጠር ካለ ሁለት ማንኪያ ውሃ። አይሲንጉ በሎሚና በውሃ ከሆነ ጾም ነው፣ ቀላሉ እሱ ነው።

ጥ፦ ኦቨን የለኝም፣ መብራቱም እንደምታውቂው ነው

መ፦ አያቶቻችን ድፎ ከላይ እሳት ከታች እሳት አድርገው ይጋግሩ የለ? ወፍራም ብረት ድስት ውሰጂ፣ ስሩ ላይ ሁለት ኩባያ ጨው በትኚና ከላዩ ትንሽ የብረት ሳህን ገልብጪ፣ ክዳኑን ገጥመሽ በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ አሙቂው። ኩኪሱን ትንሽ ሳህን ላይ አድርገሽ አስገቢ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ላዩ አይቀላም፣ ስለዚህ በላዩ አትፍረጂ ስሩን አይተሽ ነው የምታወጪው። ኦቨን ያላችሁ ደግሞ መሃል ላይ መብራት ከሄደ በሩን እንዳትከፍቱት፣ በያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይበስላል።

ጥ፦ አይሲንጌ ይፈሳል። ፓውደር ስኳርም ውድ ነው

መ፦ ተራውን ስኳር ደረቅ ብሌንደር ላይ ፍጪው፣ ለአንድ ኩባያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮርንፍላወር ጨምሪበት፣ ከዛ ንፊው። አቧራው እስኪረጋጋ ክዳኑን አትክፈቺ፣ ኩሽናው ጭጋግ ይሆናል። ለአንድ ኩባያ የሚበቃው ፈሳሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም ብርቱካን ብቻ ነው፣ ከዛ በጠብታ። የሚፈሰው አንድም ፈሳሹ በዝቶ ነው አንድም ኩኪሱ ሳይቀዝቅዝ ቀብተሽው ነው። በእጅሽ ስትነኪው ለብ ካለሽ እንኳን ጠብቂ። ክረምት ላይ ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ለመድረቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ ማርና ቅቤ ካለበት ጭራሽ አይደርቅም ይለሰልሳል እንጂ። ደግሞ እንደ ልብስ አታልብሱት፣ ስስ ይሁን፣ ፍራፍሬውን እንቅመሰው እንጂ።

ጥ፦ ለልደት ቀለም ፈልጌ ነበር ግን የሱቁን ቀለም እፈራለሁ

መ፦ የቀይ ስር ጭማቂ ጥቂት ጠብታ ሮዝ ይሰጥሻል፣ እርድ በጥፍር ጫፍ ቢጫ። ከዛ በላይ ካረግሽ አልጫ ይሸታል።

ጥ፦ ስንት ቀን ይቆያል? ለእህቴ አዲስ አበባ ልልክላት ነው

መ፦ ፍራፍሬ ስላለበት ሦስት ቀን በል፣ ክዳን ባለው ዕቃ። እንዳይደርቅ ቁራሽ ዳቦ አብረህ ክተት። ለመንገድ ግን አይሲንጉን ለብቻ በዕቃ ላከውና እሷ ትቀባው፣ አውቶብስ ውስጥ ተጣብቆ አንድ ትልቅ ኩኪስ ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ጥ፦ ያቺ ኩኪሷ የተኛባት ነኝ። ፓውደሩን ቀንሼ አሁን አወጣሁት፣ አልወደቀም ተመስገን፣ ግን መሃሉን ስነካው ይሰረጉዳል፣ ልመልሰው ወይ?

መ፦ እንዳትመልሺው! ጠርዙ ወርቃማ ከሆነ በስሏል፣ ትሪው ላይ እንዳለ 5 ደቂቃ ተይው፣ በራሱ ሙቀት ይጸናል። እጅሽንም ሰብስቢ።