መልስ፦ የመታጠቢያ ቤት መደገፊያ ብረት በምን ከፍታ ይተከል?

ከመጸዳጃው መቀመጫ ጎን ለእናትዎ የሚተከለው ብረት በምን ከፍታ ይሁን ላሉት፣ የተለመደው ልክ ከወለሉ ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሆኖም ግድግዳው ከመበሳቱ በፊት እናትዎ ተቀምጠው ሲነሱ እጃቸው የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ ቁመታቸው አጭር ከሆነ እኔ ከሜትሩ ይልቅ ምልክቱን አምናለሁ።

በብረቱና በግድግዳው መካከል 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል፤ ከሰፋ ክንድ ሾልኮ ሊገባ ይችላል።

ከልምድ የማሳስብዎ፣ ብሎኑ ሴራሚኩን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ነው። ግድግዳው ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ ከሆነ ተራ የፕላስቲክ ፊሸር (ብሎኑ የሚታሰርበት፣ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ሲጎተት ሊላላ ስለሚችል፣ ለእንዲህ ዓይነት ግድግዳ የተሠራውን ማሰሪያ ይጠቀሙ፤ እናትዎ ከመያዛቸው በፊትም እርስዎ በሙሉ ኃይልዎ ጎትተው ይፈትኑት። ፎጣ መስቀያውን ግን (ብዙ ሰው የሚይዘው እሱን ነው) እጃቸው ከማይደርስበት ቦታ ያዛውሩት።