ደመወዝ ሲቆም፦ የድሬ ባለትዳሮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? ባለቤቴ በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተ። የግል ድርጅት ነው፣ 8 ዓመት ሠርቷል፣ ደመወዙ 18,000 ነበር። «ይህን ፈርመህ ውሰድ» ብለውታል። ስንት ይገባዋል?

መልስ፦ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው (የመንግሥት ሠራተኛንና የሥራ መሪን አይመለከትም)። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የዚያ ሲሶ። 18,000 እና 7 ጊዜ 6,000፣ 60,000 ብር ይሆናል። ቅነሳ ስለሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፣ 36,000። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡት ካሰናበቱት የ2 ወር፣ ሌላ 36,000። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ግብር ስለሚቆረጥ እጁ የሚገባው ከድምሩ ያንሳል። ክፍያው በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ሒሳቡ በዝርዝር ሳይጻፍ «ምንም ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ አይፈርም። ክፍያ የሚጠየቀው በ6 ወር፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው «ይደውሉልኛል» እያለ ሦስተኛው ወር ያልፍበታል።

ጥያቄ፦ ለሚስቴ አልነገርኳትም። ጠዋት ለባብሼ እወጣና ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር እውላለሁ። ሥራ እስካገኝ ብደብቃትስ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ንገራት። ድሬ ላይ ወሬ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ቤት ይደርሳል። ከጎረቤት ከሰማች ሥራ ማጣትህን ትረሳዋለች፣ የዋሸሃትን ጠዋት ግን ትቆጥራለች። ስትነግራት ሦስት ቁጥር ይዘህ ግባ፦ እጅህ ላይ ያለው፣ በወር የግድ የሚወጣው፣ ሁለቱ ሲካፈሉ የሚመጣው። 108,000 ካለህና ቤቱ በወር 18,000 ከፈለገ 6 ወር አላችሁ። ባዶ እጅህን ከገባህ እሷ በፍርሃት ትገምታለች፣ ግምቷም ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። እድር አይቋረጥም። እቁቡ ካልወጣልህ ዳኛውን አነጋግረህ ተራህ ቀደም እንዲል ወይም ዕጣህን ሌላ አባል እንዲገዛልህ ጠይቅ። ከወጣልህ ግን ዕዳ ነው፤ ወርሃዊ ወጪው ላይ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ባሌ የስንብት ገንዘቡን በሙሉ ባጃጅ ልግዛበት ይላል። የጎደለውን 80,000 ከጓደኛው ሊበደር ነው። እኔ አልፈልግም።

መልስ፦ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው። ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። አሃዙ ያስቃል፣ ግን የተጻፈው እሱ ነው። ሳትስማሚ ከተበደረ ውሉ እንዲፈርስ ካወቅሽበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ ከተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ትጠይቂያለሽ። ለቤት አስቤዛ የተወሰደ ብድር ግን የሁለታችሁም ዕዳ ነው። በእጁ ባለው ጥሬ ገንዘብ መግዛቱን ደግሞ ይህ አንቀጽ አያስቆምም፤ እዚያ ላይ የሚያዋጣው መነጋገር ነው። እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የሰው ባጃጅ በቀን ገቢ ለአንድ ወር ይንዳ። ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና ሲቀነስ የተረፈውን በየማታው ይጻፍ። የ4 ወር ወጪ ሳትነኩ ካልተገዛ ይቆይ። (ሐረር ያላችሁ፦ ክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው እዚያው ጠይቁ።)

ጥያቄ፦ እኔ እሠራለሁ፣ ባሌ ከቀትር በኋላ በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ነው። ማታ ባወራን ቁጥር እንጣላለን።

መልስ፦ ሰዓቱ ነው የሚያጣላችሁ። በምርቃና ሰዓት ሁሉም ዕቅድ ይሳካል፤ ሲበርድ ዱካኩ ይመጣል፣ እንቅልፍም ይጠፋል። አንቺ ደክመሽ የምትገቢው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። የገንዘብ ወሬ እሁድ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ይሁን። ጫቱን በስድብ ሳይሆን በሒሳብ አንሺው፦ በቀን 200 ብር በወር 6,000 ነው፣ ከላይ ባለው ስሌት የቤቱ ወጪ ሲሶ። ሥራ ስትሰጪው «አግዘኝ» አትበይው፣ ሙሉውን አስረክቢው፦ ውኃ በሚመጣበት ቀን በርሜል መሙላት፣ የቀፊራ ገበያ፣ ልጆችን ማምጣት። ሽንኩርቱ ቢወደድበትም ዝም በይ፤ ካረምሽው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

ጥያቄ፦ አማቶቼ ይወቁ?

መልስ፦ ይወቁ፤ እናቱን እሱ፣ እናትሽን አንቺ፣ በአንድ ቀን። የምትልኩላቸው ካለ ስንት እንደሚቀንስና እስከ ስንት ወር አብራችሁ ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ እኛ ፍቺ ላይ ደርሰናል፤ እጁንም አንስቶብኛል።

መልስ፦ በስምምነት ብታመለክቱ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። እጁን ካነሳ ግን ከላይ ያልኩት የቁጥርና የሰዓት ምክር ላንቺ አይሆንም። ዛሬ ከቤቱ ውጪ የምታድሪበት ፈልጊ፣ ሐኪም ዘንድ ታይተሽ ማስረጃውን ያዢ፣ ከዚያ ፖሊስ ጋ ሂጂ።