ዳገት ላይ ያደረች የናፍጣ መኪና ጠዋት ለምን አልነሣም ትላለች?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ጅማ ከተማ፣ ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከ25 ዓመት በላይ ያገለገለች፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። የቡና ለቀማ ከተጀመረ ወዲህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጆንያና የለቃሚዎችን ስንቅ ጭኜ ወደ ሰቃ ጨቆርሳ መውጣት አለብኝ፤ መኪናዋ ግን ጠዋት ጠዋት እምቢ ትለኛለች። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ሆኖም ሦስት አራት ጊዜ ረጅም ካላዞርኩ አትነሣም። ስትነሣም ለጥቂት ጊዜ እየተንገጫገጨች ነጭ ጪስ ታወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲነካ ትነሣለች። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ለውጥ አላየሁም። አንድ መካኒክ ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ስለተበላ ወርዶ መታደስ አለበት አለኝ፤ የጠየቀኝ ዋጋ ግን ከአቅሜ በላይ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሰቃ ዘመድ ቤት ሜዳ ላይ ባደረችበት ቀን ጠዋት ወዲያው ተነሥታልኛለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሳይሞክሩ ፖምፓውን አያስወርዱ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ "በነገራችን ላይ" ብለው ያነሷት ነገር ከሌላው ሁሉ የበለጠ ትናገራለች። የተበላ ፖምፓ ዳገትና ሜዳ አይለይም፤ ዳገትና ሜዳን የሚለየው በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ ነው። ከዚህም ሌላ የተበላ ፖምፓ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱን የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲሞቅ ነው፤ ምክንያቱም ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት በኩል ያመልጥና ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኢንጀክተሮች የሚደርሰው ግፊት ያንሳል። የእርስዎ መኪና ግን ከሞቀች በኋላ ቀኑን ሙሉ ያለ ችግር እንደምትነሣ ጽፈውልናል።

እንደ እርስዎ ባለው ሞተር ላይ ናፍጣውን ከታንክ ድረስ የሚስበው ራሱ ፖምፓው ነው፤ ከታንኩ ገፍቶ የሚልክለት ሌላ ፓምፕ የለም። ስለዚህ ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ሁሉ፣ ቱቦውም ፊልትሮውም፣ የሚሠራው በመሳብ ነው። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት የሞከረ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ከስንጥቁ የሚፈስ ነገር አይታይም፣ ወደ አፍ የሚመጣው ግን አየር ነው። በመኪናዋም ላይ እንዲሁ ነው። በመስመሩ ላይ ትንሽ ክፍተት ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሁሉንም ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው ነዳጅ መስመሩ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። ሌሊት መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጋ ስትቆም፣ ከኋላ ያለው ታንክ ከሞተሩ በጣም ዝቅ ስለሚል በቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ በራሱ ክብደት ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ቦታውንም በዚያች ክፍተት የገባው አየር ይይዘዋል። ጠዋት ሞተሪኖው ሲያዞር ፖምፓው መጀመሪያ የሚስበው ይህንኑ አየር ነው።

ይህ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ብር እንኳ አያስፈልግዎትም። ዛሬ ማታ መኪናዋን አዙረው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርገው ያሳድሯት፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ የኋላ ማርሽ ያስገቡ፣ ከፊት ጎማዎቹ ፊት ትልልቅ ድንጋይ ያድርጉ። ጠዋት ወዲያው ከተነሣች በማግሥቱ እንደ ልማዷ ወደ ዳገቱ አቁመው ያሳድሯት። ችግሩ ከተመለሰ መልሱን አግኝተዋል። የአንድ ቀኑ የሰቃ ጠዋት ብቻውን አይበቃም፤ ሌሊቱ ሞቅ ያለ ሊሆን ይችላልና።

በዚያው ጠዋት ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ከነዳጅ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ በመዳፍዎ ይጫኗት። መጀመሪያ ለስላሳ ሆና ያለ ምንም ተቃውሞ የምትገባ ከሆነና ከብዙ ጭነት በኋላ ቀስ በቀስ እየጠነከረች ከመጣች፣ ከዚያም መኪናዋ በመጀመሪያው ማዞር ከተነሣች፣ ሌሊት አየር ገብቷል ማለት ነው። እግረ መንገድዎን አንድ ሰው ከማርሚታው ኋላ ያቁሙ። ሞተሪኖው እያዞረ ጪስ ጨርሶ ካልወጣ ናፍጣው ገና አልደረሰም፤ ከመጀመሪያዋ ዙር ጀምሮ ዓይን የሚያቃጥል፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጪስ ከወጣ ግን ናፍጣው ደርሷል፣ ያልሆነለት መቀጣጠል ነው፤ ያን ጊዜ ቀዝቃዛውን ሞተር ለማስነሣት ውስጡን በኤሌክትሪክ ወደሚያሞቁት ካንዴሌታዎች እናልፋለን።

አየር የሚገባበትን ቦታ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል። መካኒክዎ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ያለውን የጎማ ቱቦ ለጊዜው በግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ይተካልዎት፤ የአየር አረፋ ሲያልፍ በዓይንዎ ያዩታል። አረፋው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ደግሞ ንጹሕ ናፍጣ የተሞላ ትንሽ ጀሪካን በኮፈኑ ሥር በደንብ ታስሮ፣ ፖምፓው ከታንኩ ይልቅ በቀጥታ ከእርሱ እንዲስብ ተደርጎ ይደር። በዚህ ሁኔታ ወዲያው ከተነሣች ፖምፓው ከክስ ነጻ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ ላይ ነው። በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የእጅ ፓምፗ ውስጥ ያለው ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ፣ ወይም ከፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማፍሰሻ ብሎን የጎማ ቀለበት ፊልትሮ ሲቀየር ተጣሞ ነው። በኢንጀክተሮቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎችም መረሳት የለባቸውም፤ ሲያረጁ ውጫቸው ይሰነጣጠቃል።

ይህን አጥብቄ የምጽፈው እኔም ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት የራሴን ፒክአፕ ፖምፓ በአንድ ጋራዥ ምክር አስወርጄ፣ ለእድሳት ብዙ ገንዘብ ከፍዬ፣ ተመልሶ ሲገጠም መኪናው እንደ ቀድሞው ጠዋት እምቢ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አረጋዊ መካኒክ ፊልትሮውን ፈትተው የማፍሰሻውን ቀለበት በጥፍራቸው አንሥተው አሳዩኝ፤ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ጥቁር ጎማ ነበረች፣ በአንድ ጎኗ እንደ ምላጭ ጠፍጥፋለች። እርሷ ስትቀየር ችግሩ አበቃ።

አየር እንዳልገባ ካረጋገጡ ቀጥሎ የሚታየው ካንዴሌታ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚነሣው አየርን ጨምቆ በማሞቅ ሲሆን፣ ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በዚያ ላይ እርስዎ የሚወጡበት የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ቀዝቃዛ ነው። ከአራቱ ካንዴሌታዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ቢቃጠሉ ሞተሩ በቀሪዎቹ እየተንገጫገጨ ይነሣል፣ እስኪሞቅም ነጭ ጪስ ያወጣል፤ ይህም ከነገሩን ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል መፈተሽ አለበት። ኤሌክትሪሺያኑ የሚያገናኛቸውን ብረት አንሥቶ እያንዳንዱን በቴስተር ይለካ፤ ደህናው አንድ ኦም አካባቢ ያሳያል፣ የተቃጠለው ምንም አያሳይም። ፈትቶ በባትሪ ለማቅላት የሚሞክር ካለ ግን መጀመሪያ በላዩ የተጻፈውን ቮልት ያንብብ፤ ሁሉም ባለ 12 ቮልት ስላልሆኑ ደህናውን ሊያቃጥለው ይችላል። ቁልፉ ሲዞር ኃይል ከሪሌው (ኤሌክትሪኩን ከሚያበራውና ከሚያጠፋው ማብሪያ) እስከ ካንዴሌታዎቹ መድረሱም መታየት አለበት።

ስለ ባትሪው ብዙ አልልም። ሞተሪኖው በፍጥነት የሚያዞር ከሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲያዞርም ከ9.6 በላይ ካሳየ ይተዉት። በተከታታይም ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት፣ አለበለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል።

አንድ ልመና አለኝ። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ በአየር መሳቢያው ላይ ማድረግን የሚመክር ሰው ቢመጣ እሺ አይበሉት። ካንዴሌታ ባለው ሞተር ውስጥ የቤንዚን ተን ያለ ጊዜው ይቀጣጠልና ፒስተን ሊሰብር፣ የሚይዘውንም ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ችግሩ ካልተፈታ ፖምፓው ከመውረዱ በፊት የሞተሩ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ይለካ። እርሱም ደህና ከሆነ፣ ያን ጊዜ የመካኒኩ ሐሳብ ተራው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። የቤንዚን ዲኤክስ ኮሮላዬ በክረምት ዝናብ ባደረበት ጠዋት አትነሣም፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ምንም ሳልነካት ትነሣለች።

መልስ፦ ፀሐይ የጠገነው ነገር እርጥበት ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍተው ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው የሚሄድ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ እሳት በእርሱ በኩል ያመልጣልና ክዳኑ ይቀየር። በጨለማ ሌላ ሰው ሲያዞር የካንዴላ ገመዶቹን ሳይነኩ ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ብልጭታ በላያቸው ከዘለለ እሳቱ ካንዴላው ሳይደርስ እየጠፋ ነው። ደርቆም ካልተነሣች አንድ ካንዴላ ፈትተው ይዩ፤ በቤንዚን ከራሰ እሳት ጎድሏል፣ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩን አላለፈምና ፍለጋው ወደዚያ ይዙር።